የሾፌሩ ልጅ ምደባ

ግድግዳው ሲንኳኳ መቀሱን ጥዬ እነሣለሁ። እኔና ሾፌሩ የምንጋራው ግድግዳ ስስ ነው፤ በጣቱ ቆርቆር ካደረገው የሽንት ከረጢቱ ሞልቷል ማለት ነው። ልጁ ሐኪም ናት። እቤቱ ሐኪም ተቀምጣለት የሚጠራው ግን ልብስ ሰፊ ነው።

በሩ ላይ አገኛታለሁ፤ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ልማዱን ታውቀዋለች። እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች።

«ዛሬስ አልሄድም ጋሼ» ትላለች። «የስፔሻሊቲ ትምህርት ቦታ ምርጫው ዛሬ ነው የሚዘጋው። ሳልነግረው አልመርጥም።»

«እሺ ዶክተር፤ ብቻ መጀመሪያ ሥራዬን ልሥራ። እንጀራዬን እንዳትዘጊብኝ።»

ፈገግ ለማለት ትሞክራለች፤ አልሆነላትም። በሩን ከኋላዬ እዘጋለሁ።

ሾፌሩ ሰውነቱ ማንጠልጠያ ላይ እንደ ተሰቀለ ኮት ሆኗል፤ ትከሻው ብቻ ነው የቀረው። ከረጢቱን አልጋው ጠርዝ ላይ ከሰፋሁለት የጨርቅ ኪስ አወጣዋለሁ። ጠያቂ ሲመጣ እንዳይታይበት ብዬ ከትርፍ ገበር የሰፋሁት ነው። ወደ ባልዲው ስገለብጠው እንደ ሁልጊዜው ፊቱን ያዞራል። ሽንቱ ቀልቷል። ሁለታችንም እንዳላየ ሰው እናልፋለን።

«አንተ ሰውዬ» እለዋለሁ፤ «ስንቱ ተሳፋሪ ‹ሽንቴን ወጠረኝ፣ አቁምልኝ› እያለ ሲለምንህ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለህ ስትነዳ ኖርክ። ይኸው፣ የነሱ እርግማን ነው።»

«ለሁሉም ብቆም ኖሮ እስካሁን መንገድ ላይ ነበርን» ይላል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የምትልህን ሰምቻለሁ። ትግባ።»

ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ይስባል።

ገብታ እግርጌው ትቀመጣለች። «አባዬ፣ ለዩሮሎጂ የቀሩት ሁለት ቦታዎች ናቸው። አንዱ እዚሁ፣ አንተ የምትታከምበት ሆስፒታል ነው። ሌላው ሩቅ ነው፤ አንተ በነዳህበት መስመር፣ ጠዋት ተነሥቶ ማታ የሚደረስበት። እዚህኛውን ልመርጥ ነው።»

የልብ ሐኪም ትሆናለች ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ያወራ ሰው ነው። ፕሮስቴቱ ላይ የነበረው ነቀርሳ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል ከተባለ በኋላ ነው እሷ ልቡን ትታ የሽንት ቧንቧ ሕክምና እማራለሁ ያለችው። ለምን ብሎ አልጠየቃትም። ያውቃላ።

«ሩቁን ምረጪ» ይላታል።

«ሩቅ ከሄድኩ እኮ… ትምህርቱ ዓመታት ነው የሚፈጀው። አንተ ደግሞ…» አትጨርሰውም። ምን ያህል ጊዜ እንደቀረው ከኛ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

«እዚህኛው ሆስፒታል ተኝቼ አይቻለሁ እናቴ። ጠዋት ጠዋት ተከታትለው ይመጣሉ። ትልቁ ሐኪም ብርድ ልብሱን ይገልጠዋል፤ ልጆቹ ከበው እያዩ ይጽፋሉ። ሴትም አለች፣ ወንድም አለ። ይሁን፤ የሌላ ሰው ልጆች ናቸው። ከመሃላቸው አንቺ ቆመሽ…»

«እኔ አልመጣም። እነግራቸዋለሁ፤ ሌላ ክፍል እሆናለሁ።»

«የሚያዩኝ ጓደኞችሽ ናቸው። ምሳ አብረውሽ የሚበሉት።»

«የስንቱን አባት ልብስ ገልጬ ቱቦ አስገብቻለሁ አባዬ!» ትላለች፤ ድምፏ ይሰነጠቃል። «አንዱም አላፈረብኝም። የኔን አባት ብቻ ነው የማልነካው?»

«አዎ» ይላል። «ያንቺን ብቻ።»

ጣልቃ እገባለሁ። «ለኔስ አታፍርም እንዴ? እኔ ሰው አይደለሁም?»

«አንተማ ስንት ዘመን ሱሪ ስትለካኝ ኖረህ!»

ልጅቱ ሳቅ ያመልጣታል። ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ይሆንባታል፤ በመዳፏ አፏን ትይዛለች። እስክትጨርስ ይጠብቃታል።

«እዚህ ከገባሽ እኔ የዚያን ሆስፒታል ደጅ አልረግጥም» ይላታል። ቁጣ የለበትም። «የሽንት ቱቦዬም ይዘጋ። የመጣው ይምጣ።»

ቱቦው ቢዘጋ ምን እንደሚመጣ እኔ አላውቅም። የእሷን ፊት ግን አያለሁ። ወደኔ ትዞራለች፤ አንድ ነገር በለው የምትለኝ ይመስላል። ሰውዬው ያለውን እንደሚያደርግ ሁለታችንም እናውቃለን።

ስልኳን ታነሣለች። በጣቷ አንዴ ትነካዋለች፤ ስልኩ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ሳይጠይቃት አልቀረም፣ ቆይታ እንደገና ትነካዋለች።

«መረጥኩ» ትላለች። «ሩቁን።»

ሾፌሩ ዓይኑን ይጨፍናል። ሲገልጠው ድምፁ ውስጥ ጉልበት ገብቷል። «ስትሄጂ በግራ በኩል ተቀመጪ፤ ጠዋት ፀሐይዋ የምትመታው በቀኝ ነው። ድልድዩን ስታልፉ መስኮትሽን ዝጊ፤ አቧራ ነው። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ቢያጓራ አትደንግጪ፤ ጸባዩ ነው።»

እግሩን በብርድ ልብሱ ላይ ትይዘዋለች። ዛሬ አይሰበስበውም።

«ስመለስስ አባዬ?» ትለዋለች። «ስመለስ በየት በኩል ልቀመጥ?»

ሁለት እጆቹን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ መሪ እንደሚይዝ ሰው ወደ ላይ ያነሣቸዋል። መንገዱን በሐሳቡ ሊገለብጠው፣ ፊቱን ወደ ቤት ሊመልስ፣ ቀስ እያለ ያዞራል። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። እጆቹ እዚያው አየር ላይ ቀርተዋል፤ እሷም እግሩን እንደያዘች ትጠብቀዋለች።