ግማሽ ጢም

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን በአጎቱ ጉሮሮ ላይ እንዳሳረፈ ቀጥ አለ። ከጎረቤት ካፌ ቴሌቪዥን ጨዋታ አስተላላፊው «ፍጹም ቅጣት ምት!» ብሎ ሲጮህ ቀልቡ በበሩ ወጥቶ ሄደ፤ ጉሮሮው ላይ የቀረው እጁ ብቻ ነበር።

«ዛሬም አስይዘሃል እንዴ?» አሉ አጎቱ፣ አረፋ የተቀባ አገጫቸውን ሳያንቀሳቅሱ።

«ኧረ ጋሼ! ውርርድ ከተውኩ ቆየሁ እኮ» አለ፣ ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል።

ጎል ሆነ። ካፌው በጩኸት ተናጋ። ውርርዱን አሸነፈ! ደስታው እስከ ጣቶቹ ጫፍ ነዘረው። ፈገግ እንዳለ ወደ መስታወቱ ሲዞር ግን ነጩ አረፋ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ሲወርድ አየ። መቼ እንደቆረጣቸው እንኳ አላወቀም። አጎቱ የወንበሩን እጀታ ጨምድደው ይዘው በመስታወቱ ውስጥ እሱን እሱን ያዩት ነበር።

ምላጩን አስቀመጠና ፎጣውን ቁስሉ ላይ ጫን አድርጎ ያዘ። «ጋሼ፣ ያ የነገሩኝ የቁማር ሱስ ሐኪም ጋ ይውሰዱኝ። አሁኑኑ።»

«በግማሽ ጢም?»

«ከጨረስኩልዎትማ አልሄድም።»