የጥጥ ከፋይ

ቨርና መቀሱን ከፍታ ጨርቁን በግራ እጇ እንደያዘች ትቆማለች።

"ይሄን ከየት አመጣሽው?"

"ከከተማ ነዋ፣ ትንሿ እማዬ። ከጨርቅ ቤቱ" ትላለች ዴዝባ፣ የሟች እህቷ ልጅ፣ ቀና ሳትል።

ነገ የዴዝባ የሴትነት ወግ ይጀመራል። ጎህ ሲቀድ ወደ ምሥራቅ ትሮጣለች፤ ዘመዶቿ እየጮኹ ከኋላዋ ይከተሏታል። የምትለብሰው ቀይ ሸሚዝ ዛሬ ተሰፍቶ ማለቅ አለበት።

ከተማ የሚሸጠውን ከፋይ ቨርና ታውቀዋለች። ያብለጨልጫል፣ ሲስቡት ይለጠጣል፣ የብር ቁልፍ ሲሰፉበት ይንዘላዘላል። ይሄኛው ደብዘዝ ያለ ቀይ ነው፤ ፀጉሩ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ፣ ክብደቱ እጅ ላይ የሚታወቅ። የጥጥ ከፋይ ነው። ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ጠርዙ ላይ ደግሞ የተተረተረ ስፌት ቀዳዳዎች አሉ። ስፌቱ የራሷ የቨርና ነው፤ ለእህቷ ሸሚዝ አድርጋ የሰፋችው።

"ከእሷ ጋር አልተቀበረም እንዴ?"

"ይሄን ደብቄ አስቀረሁት።"

"አብደሻል! የሞተ ሰው ልብስ፣ ያውም ለነገ!"

"ተርትሬዋለሁ እኮ። አጥቤዋለሁ። አሁን ጨርቅ ብቻ ነው።"

"ሰው መዓት ሲመጣበት ይሸሻል፣ አንቺ አጥበሽ ተኩሰሽ ታመጪዋለሽ!"

ዴዝባ ማልቀስ ትጀምራለች። "አዲሱንማ ገዝቻለሁ፣ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ግን እሷን አይሸትም። ነገ ስሮጥ እናት ሆኖ ከኋላዬ የሚጮህልኝ ማነው?"

ቨርና መቀሱን ኪሷ ትከታለች። "የእናት እህት ምንድናት? እናት አይደለችም? ድምፄ እስኪዘጋ እጮህልሻለሁ። ይሄ ግን ከቤት ይውጣ፤ አንቺንም ይዞብኝ እንዳይሄድ።"

ልጅቱ ጨርቁን አንዴ አሽትታ "እሺ፣ ውሰጂው" ትላለች።

ቨርና አካፋ ይዛ ከቤቱ በስተሰሜን ትሄዳለች። ትቆፍራለች፣ ጨርቁን ታስገባለች፣ አፈሩን ትመልሳለች። እንዲህ ያለ ነገር ቀብሮ የሚመለስ ሰው ዞሮ አያይም። ዴዝባ ደጃፉ ላይ ቆማ ትጠብቃታለች።

"አልዞርሽም አይደል?"

"አልዞርኩም።"

"ምንም አላስቀረሽም?"

"ምን አስቀራለሁ? ግቢ፣ ይበርድሻል።"

ልጅቱ ፊቷን እስክታዞር ቨርና ጭብጧን አትፈታም። መዳፏ ላይ ጥፍር የምታህል ቀይ ቁራጭ አለች።