ከአጥሚት ሥር

ጥሩብርሃን ጦር ኃይሎች ሰፈር ያለው ቢሮ በተቀጠረች በሁለተኛው ሳምንት ከአለቃዋ ጋር ተጋጨች።

ቢሮው ለእናቶች የሚሆን ድረ ገጽ ያዘጋጃል። ስለ እርግዝና፣ ስለ ክትባት፣ ስለ አራስ ምግብ፣ ስለ ፍቺ ሕግ የተጻፈው ሁሉ ከመብዛቱ የተነሳ አንባቢ መግቢያው ይጠፋው ነበር። እሷ የተቀጠረችው መልክ እንድታስይዘው ነው። ገጹ ወደ ታች ሲሳብ የማይጠፋ ሜኑ ሠራችና ዋና ዋና ርዕሶቹን ከላይ ደረደረች። ከሁሉም ፊት፣ በቀይ፣ «ባልሽ ይመታሻል?» የሚለውን አስቀመጠች።

አለቃዋ አቶ ወልደጊዮርጊስ ሥራዋን በስልካቸው ከፍተው አዩት። ጺማቸው ሳይላጭ ከርሟል፤ ጥቁር ሹራባቸውን በዚያ ሁሉ ፀሐይ አያወልቁም።

«ይሄ ከላይ ይነሳ» አሉ። «የአራስ ምግብ ውስጥ ይግባ። ከአጥሚቱ ሥር።»

«ከምኑ?»

«ከአጥሚቱ። ገጹ ‹ከዚህ በፊት ያነበብሽው› እያለ የሚዘረዝረውም ይጥፋ።»

ጥሩብርሃን ፊቷ ጋለ። ሳንሱሲ ሰፈር ባደገችበት ግቢ አንዲት ጎረቤት ነበረቻቸው። ባሏ ሲደበድባት ሰፈሩ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል። የት ሄዳ አቤት እንደምትል የነገራት ሰው አልነበረም። ጥሩብርሃን ሜኑውን ስትሠራ በዓይኗ የሄደችባት ያቺ ሴት ናት።

«የተደበደበች ሴት የአጥሚት አሠራር ስታገላብጥ ነው መፍትሔ የምታገኘው? ሰው ሲጨንቀው አይቆፍርም፣ ጋሼ። ፊቱ ያለውን ነው የሚነካው።»

«ፊቷ ያለውን ሌላም ሰው ያየዋል።»

«ይየዋ። ነውሩ የሷ ነው እንዴ?»

አቶ ወልደጊዮርጊስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፍተው ወጡ።

ምሳ ላይ ቁጣዋ እህል አላስቀምስ አላት። እንዲህ ያሉ ወንዶችን ታውቃለች፤ በስብሰባ ስለ እናቶች ሲናገሩ ማር ናቸው፣ ቤታቸው ሲገቡ በር ይዘጋሉ። አብራት ለተቀጠረችው ለሶፊ ነገረቻት።

ሶፊ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በቀደም ባለቤታቸውን ፌርማታው ጋ አየኋቸው። ዓይናቸው አብጧል። ሰላም ስላቸው እንኳ ቀና አላሉም።»

«በቃ» አለች ጥሩብርሃን። «ለካ የሚደብቁት የራሳቸውን ነው።»

ጠረጴዛዋ ጋ ተመልሳ ርዕሱን ልታዛውረው ሞከረች። «አጥሚት» የሚለው ቃል ሥር አስገባችው። መልሳ አወጣችው። በመስኮቱ የታክሲ ወያላው «ዓለም ባንክ፣ ዓለም ባንክ» የሚል ጥሪ ይገባል። ተነስታ ሳታንኳኳ አለቃዋ ክፍል ገባች። ተቀመጪ ቢሏትም አልተቀመጠችም።

«ከአጥሚት ሥር አላስገባም። ከፈለጉ ያባርሩኝ» አለች። «ሚስቱን የሚመታ ሰው ነው እንዲህ ያለ ገጽ የሚፈራው። ከቤተሰብዎ ይከፍተዋል ብለው የሚሰጉት ሰው አለ?»

አቶ ወልደጊዮርጊስ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ ነበረች፤ አርባዋ እንኳ አልወጣም» አሉ። «ሌላ ገጽ ላይ እንዲህ ከላይ የተቀመጠውን ስትነካ፣ ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር።»