መንቀራፈፍ ያለበት ማሽን

የማታውቀውን ሰው ሥራ በየጊዜው እየመለሰች ጠላት ብታፈራስ ማን ይደርስላታል? የልጅ ልጄ ሶልያና፣ የድሮ ኮምፒውተርን በአዲሱ ውስጥ አስመስሎ የሚያስነሳ ፕሮግራም ላይ ትሠራለች። ከየአገሩ የፈለገ ሰው ኮዱን አስተካክሎ ይልካል፤ እሷ መርምራ ትቀበላለች ወይም ትመልሳለች፤ ውሳኔዋም ወዲያው በላኪው ስልክ ይደርሳል።

እሁድ ምሳ ላይም ላፕቶፗን አልዘጋችም።

«እማማ፣ ያ ሰውዬ ደግሞ ላከ። ትናንት ፕሮግራሙን አፍጥኖት ነው የመለስኩበት። የድሮው ማሽን ይንቀራፈፍ ነበር፤ የኛም መንቀራፈፍ አለበት። ምኑ ነው የማይገባው?»

«አሻሻልክ ተብሎ ሰው ይመለስበታል? እሱም እኮ እናት አለው።»

«ራሱን ነብሮ ብሎ ነው የሚጠራው። ኮዱ ግን የድመት ነው» ብላ ሳቀች።

ሰርቪስ ቤቱን የተከራየው አቤኔዘር አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ሰሞኑን ምግብ አልበላ ብሎ ስላሳሰበኝ፣ ጎትቼ ነው ማዕድ ያቀረብኩት።

«ቆይ፣ ይሄኛውስ ልክ ነው» አለች ሶልያና። «እንደ ድሮው ቀርፋፋ አድርጎታል። በቃ፣ ተቀብዬዋለሁ።»

ቁልፉን ስትጫን የአቤኔዘር ስልክ ጮኸ። አነበበና ቀና ብሎ አያት። «ነብሮ?» አለች ሶልያና። እሱ ተነስቶ ጉልበቴን ሳመኝና ወጣ።