መሬት ያልረገጠ ቆዳ

ቁስል አጣቢዋ እትዬ ፋሻ የመጨረሻዋን ጎዝ በጨው ውሃ አርሳ ከስፌቱ ላይ ቀስ ብላ ታላቅቃታለች። ሾፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። ሚስቱ ራስጌው ቆማ የአልጋውን ብረት ይዛለች። ጎዟ ትነሳለች። ተረከዙ ላይ የተሰፋው ቆዳ እንደ ተመታ ዓይን በልዟል።

አምስተኛ ቀኑ ነው። የጭነት መኪናውን ጎማ ሲቀይር ክሪኩ ተንሸራተተና ቀኝ ተረከዙን አጥንቱ እስኪታይ ወሰደው። ከጭን የሚላጥ ስስ ቆዳ የሰውነት ክብደት አይችልም ተባለ። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ የውስጥ እግሩን ጎድጓዳ ቦታ፣ ሰው ቆሞ ሲሄድ መሬት የማይነካውን ቆዳ፣ ከነደም ሥሩና ከነነርቩ አላቆ ወደ ተረከዙ አዞረው። የጭኑ ቆዳ ባዶ የቀረውን ጎድጓዳ መሸፈኛ ሆነ። ሾፌሩ ይህን ሲያስረዱት፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጫማ ውስጥ ተንፈላሶ የኖረ ቆዳ መሆኑን ሲሰማ፣ ይኼማ ቁርጥ የሚስቴ ወንድም ነው፣ አሁንስ ይሥራ እንጂ አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ሚስቱም ሳይቀር።

ዛሬ የሚስቅ የለም። ቆዳው ከሞተ ቀጥሎ የሚቆረጠው ከጉልበት በታች ነው። ቀኝ እግር የሌለው ሾፌር ደግሞ ምን ይባላል?

እትዬ ፋሻ ሰዓት አታስርም። የምታውቀው ሁሉ ሠላሳ ዓመት ቁስል ስታጥብ፣ ሐኪሞች ለተማሪዎቻቸው ሲያስረዱ ከጎን ቆማ የሰማችው ነው። ጤነኛ ቆዳ ተጭነው ሲለቁት ይነጣና በሁለት ሰከንድ ደሙ ይመለሳል። ነርቩ ያልተበጠሰ ቆዳ፣ ቦታው ተቀይሮም ቢሆን፣ ለወራት አሮጌ ቤቱ ያለ ይመስለዋል ሲሉም ሰምታለች። ሁለት ሰከንድ ለእሷ አንድ «አቤቱ ማረን» ነው። ትጫናለች፣ ትለቃለች። «አቤቱ» ብላ ሳትጨርስ ደሙ ተመልሷል።

ቶሎ መመለሱ ነው ክፉው። ደሙ ይገባል፤ መውጫ ግን አጥቶ ታጭቋል።

ቀዶ ሐኪሙ ከሌላ ሥራ ላይ ተነስቶ ይመጣል። የቀዶ ጥገና ቆቡን አላወለቀም፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል። ይጫናል፣ ይለቃል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል። ደሙን የሚመልሰው የደም ሥር ከሥር ተጣሞ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ምክንያት ካልተገኘ መልሼ ልከፍተው ነው ይላል። እንደገና የተነካካ ቆዳ ብዙ ጊዜ እንደማይተርፍ እትዬ ፋሻ ታውቃለች። ሌሊት ተረከዙን የነካው ነገር ነበር ወይ ሲል ይጠይቃል። ሚስቲቱ ምንም አልነበረም ትላለች፤ ድምጿ ወለሉ ላይ ይቀራል።

ወንበሩ ላይ አራት ቦታ የታጠፈ ሹራብ አለ። ከላይ፣ መሐሉ ላይ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቢጫ እርጥበት አለችበት። እትዬ ፋሻ አየችው። ወደ ሹራቡ ግን አልጠቆመችም፤ ሄዳ ከሴትየዋ ጎን ቆመች።

«ልጄ፣ የሚቆጣሽ የለም። ቶሎ የታወቀ ነገር ነው የሚድነው።»

ከዚያ የአልጋውን ልብስ ጫፍ ታቃናለች።

ሴትየዋ የአልጋውን ብረት ትለቃለች። «ተረከዙ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሲያድር አሳዘነኝ» ትላለች። «ሹራቤን አጥፌ ከሥሩ ደገፍኩለት። ላፍታ ነበር ያልኩት፤ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።»

«እኔ ነኝ ያዘዝኳት» ይላል ሾፌሩ ለግድግዳው።

ሐኪሙ ሁለቱንም ያያል። ለቁጣ የሚሆን አቅም አልቀረውም ይሆናል፤ ወይም በአምስት ቀን አንድ ሌሊት እንኳ በወጉ ያልተኛች ሴት ምን እንደምትመስል አይቷል። ቁጭ ብሎ መቀስ ይጠይቃል። ከቆዳው ጠርዝ አንድ ስፌት ይበጥሳል፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ጥቁር ወፍራም ደም እየተጎተተ ይወጣል።

ሾፌሩ አንገቱን ቀና አድርጎ ያያል። «የተቃጠለ ዘይት ነው» ይላል። «መቀየሪያ ጊዜው አልፎ ነበር።»

ሐኪሙ እግሩን ከባቱ ሥር በሁለት ትራስ ከፍ ያስደርጋል፤ ተረከዙ ባዶ አየር ላይ ይቀራል። ግማሽ ሰዓት እንጠብቅ ይላል፤ ካልተለወጠ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል እናወጣዋለን። በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ ያሳርፋል።

እትዬ ፋሻ ጎዝ እየቀያየረች ታብሳለች። ጥቁር፣ ጥቁር፣ ቡናማ። ከኮሪደሩ የጋሪ ጎማ ሲንቋቋ ይሰማል። ሚስቲቱ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠች ግንባሯን አልጋው ብረት ላይ ደፍታ ተኝታለች፤ አፏ ተከፍቷል። ሹራቧን ከወንበሩ አንስታ ግርጌው ላይ ጥላው ነበር፤ እትዬ ፋሻ በክርኗ ገፋ አድርጋ ከእግሩ አራቀችው።

ስድስተኛው ጎዝ ቀይ ነው።

ልቧን አታምነውም። እጇን ታጥባ፣ ጓንት ቀይራ፣ ትጎነበሳለች። በአንድ ጣት የተረከዙን መሐል ትጫናለች፣ ትለቃለች። አቤቱ፣ ትላለች በልቧ፤ ነጭ ነው። ማረን። ሐምራዊነቱ ሳይሆን ሌላ ቀለም፣ ደብዛዛ ሮዝ፣ ከዳር ወደ መሐል ይገባል።

ደግማ ትጫናለች፤ አሁን ጣቷን ሳታነሳ።

የሾፌሩ የእግር ጣቶች ጭምድድ ይላሉ።

«እትዬ፣» ይላል በሹክሹክታ፣ ዓይኑን ከተኛችው ሚስቱ ሳያነሳ፣ «ውስጥ እግሬን አይኮርኩሩኝ። ሳቄ ከመጣ እቀሰቅሳታለሁ።»

እትዬ ፋሻ ጣቷን ታያለች። ተረከዙ ላይ ነው።