የዛፉ ዘመዶች

«ምን በላ? ኡሚ፣ ልጁ ምን በላ?»

ምራቷ ሱሪያ ስትጮኽባት ሐምዲያ የልጁን አንገትጌ እየፈታች ነበር። የአራት ዓመቱ የልጅ ልጇ ኢማድ ወለሉ ላይ ተዘርሯል። ከንፈሩ ተነፍቶ ሊፈነዳ ደርሷል፤ ከጉሮሮው የሚወጣው ድምፅ በተቀደደ ላስቲክ የሚያልፍ ነፋስ ይመስላል። ሱሪያ ብዕር የመሰለውን መርፌ ከቦርሳዋ መንጭቃ አወጣችና፣ በሱሪው ላይ እንዳለ ጭኑ ውስጥ እንደ ጩቤ ሰካችው። ልጁ ጮኸ። ሲጮኽ አየር ገባለት።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ሐምዲያ፤ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች።

ለውዝ እንደሆነ ከዚህ ቤት ከወጣ ዓመት አልፎታል። ሐኪሟ፣ ለውዝና በራፉ ላይ ያለው የእሾሃም ዛፍ አበባ ዘመዳሞች ናቸው፣ የልጁ ሰውነት አንዱን ሲያገኝ ሌላው የመጣበት ይመስለዋል፣ ብላ ነበር። ዛፍና ለውዝ ምን አዛመዳቸው? ሐምዲያ ይኼን ነገር ስታመነዥከው ከርማለች። ዛፉ ባበበ ቁጥር ልጁ ዓይኑን ያሻል፣ ያስላል፤ እሷ ደግሞ ሳሉን በሰማች ቁጥር ሮጣ መስኮቱን ትዘጋለች።

ልጇ ሙሰዲቅ በሩን በእግሩ በርግዶ ገባ። ሱሪያ ደውላለት ነው ከሚሠራበት የነፃ ንግድ ቀጠና መጋዘን የከነፈው፤ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ልጁን አየ። ባዶውን መርፌ አየ። ከዚያ ሚስቱን።

«ለውዝ ሰጠሽው!»

«አልሰጠሁትም።»

«ትናንት የት ዋላችሁ? ያቺ ለውዝ የምትቆላው እህትሽ ጋ አይደለም?»

«ትናንትና ዛሬ አንድ ነው እንዴ? ሙሰዲቅ፣ መርፌው ብቻ አይበቃውም፣ ሐኪም ቤት እን...»

ጥፊው ቃሏን አፏ ውስጥ መለሰው። ጭንቅላቷ ከፍሪጁ ጋር ተላተመ፤ ላዩ ላይ የነበረው ብርጭቆ ወርዶ ተሰባበረ። ሁለተኛው ጥፊ አልነበረም፣ ቡጢ ነበር። ሐምዲያ ልጇን ታውቀዋለች፤ ሲፈራ ይማታል። አባቱም እንዲያ ነበር።

«ተው! ተው አንተ!» እየዳኸች እግሩን ያዘችው። «ለውዝ ከየት ይመጣል? ከጠዋት ጀምሮ ከኔ ጋር ነው! ከአብሽ በቀር በአፉ የዞረ ነገር የለም!»

ሱሪያ ቀና አለች። ደሟ ከአገጯ ላይ ይንጠባጠባል።

«አብሽ?»

«ሦስት ማንኪያ ነች፣ በማር። ሲያስል ጊዜ... እናቴ ሐረር እኛን ሁሉ በሱ አይደል ያሳደገችን?»

ሱሪያ ፍሪጁ ላይ ወደተለጠፈው፣ ሐኪሟ ለልጁ የከለከለችው ምግብ ወደተዘረዘረበት ወረቀት ዞረች። ሐምዲያ ድሬዳዋ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች፤ አማርኛውንም ዐረብኛውንም ታነባለች። ወረቀቱ የተጻፈበት ፈረንሳይኛ ግን የጉንዳን ሰልፍ ነው የሚሆንባት። ደም የነካው የሱሪያ ጣት በሰልፉ ላይ ቀይ መስመር እያሰመረ ወረደ።

«ለውዝ» አለች። ጣቷ ወረደ። «ግብጦ።» ወረደና ቆመ። «አብሽ።»

ከዚያ ባሏን አየችው። «ለእናትህ አንብብላት ብዬህ ነበር። ምን ብለህ አነበብክላት?»

ሐምዲያ አስታወሰች። መኪና እየጠበቀው፣ ጫማውን እያሰረ፣ ወረቀቱን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ፣ «ለውዝ ነው ኡሚ፣ ለውዝ ብቻ እንዳትሰጪው» ብሏት ነበር የወጣው።

ሙሰዲቅም ያስታወሰ ይመስላል፤ ፊቱ አመድ ሆነ። ግን እጁን እንደገና አነሳ።

ሐምዲያ እንዴት እንደተነሳች አታውቅም። የነሐሱ ዘነዘና ከሙቀጫው አጠገብ ነበር፤ የጠዋቱ የአብሽ ዱቄት ገና አልተጠረገለትም። የተነሳውን እጅ አንጓው ላይ አሳረፈችበት። አጥንቱ ቀጭ አለ።

«እኔን ምታ!» ትከሻውን ደገመችው። «ያበላሁት እኔ ነኝ! በእጄ ነው ያጎረስኩት! እኔን ምታኛ!»

ሙሰዲቅ ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራተተ፤ እጁን አቅፎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ሱሪያ አንዳቸውንም አላየችም። ልጁን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ከቁም ሳጥኑ ሁለት ፓስፖርት አወጣች፤ የሷንና የልጁን።

«ሱሪያ፣ ልጄ...» ዘነዘናው ከሐምዲያ እጅ አልወረደም። «አብሬሽ ልሂድ? ታክሲ ልጥራልሽ? እንዲያው አንድ ቃል...»

ሱሪያ የብርጭቆውን ስብርባሪ እየረገጠች ወጣች።

እሾሃሙ ዛፍ ቢጫ አበባውን በራፉ ላይ እያረገፈ ነበር። ሥሩ ስትደርስ ቆመች። ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታችና የልጁን ፊት ሸፈነችበት፤ ከዚያ የተሰነጠቀ ከንፈሯንና ያበጠ ዓይኗን ለሰፈሩ፣ ለካርቲየ 6 ሰው ሁሉ ገልጣ አለፈች።