ቀዩ ግላስ

አባቴ ባለፈው ጥር በፈረስ ግልቢያ ላይ ወድቆ የጎን አጥንቱ ተሰብሮ ነበር። ዘንድሮም በሰባ ስድስት ዓመቱ «ጥር ይድረስ እንጂ እጋልባለሁ» ይላል። ብለምነው፣ ቄስ ባስመክረው እንቢ አለ። ኮርቻ ከሌለው ይተዋል ብዬ ኮርቻውን በድብቅ ፎቶ አነሳሁትና ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት።

አንድ ሰው በማላውቀው ስም ወዲያው ጻፈልኝ። በዋጋው እንኳ አልተከራከረም።

«ለማን ነው?» አልኩት።

«ለራሴ ነው። ነገ በሦስት ሰዓት ድልድዩ ጋ አምጣልኝ። ከኮርቻው በላይ የሚደረበውን ቀዩን ግላስ እንዳትረሳ።»

ደንበኛ እንዳይቀየመኝ ብዬ ግላሱንም ጨመርኩ። አባቴ እንዳያይብኝ ሁሉንም በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ በጓሮ በኩል ወጣሁ።

ድልድዩ ጋ ብዙም አልቆየሁም። አንድ ፈረሰኛ ያለ ኮርቻ፣ ጋማ ጨብጦ እየጋለበ መጣና ፊቴ ገታ። ጋቢውን ወገቡ ላይ ጠምጥሟል። እኔው የገዛሁለት ስልክ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ግላሱን ፎቶ እንዳላነሳሁት ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

«አባዬ...» አልኩ።

«ያለ ኮርቻ እዚህ ደርሻለሁ፤ በኮርቻማ ማን ያወርደኛል?» አለና ከፈረሱ ወርዶ ልጓሙን አስያዘኝ። «ምን ቆመህ ታየኛለህ? ጫን እንጂ!»